ለአንክሮ ለተዘክሮ፦ ከሳሪስ አቦ እስከ ዝቋላ



በደብረ ዘይት መንገድ ለሚመላለስ ሰው «ሳሪስ አቦ» የመውረጃ ስም ነው። የታክሲው ረዳት ይጠራዋል፤ ተሳፋሪው «አቦ ጋ ወራጅ አለ» ይላል፤ ቤት የሚያከራየው «ከአቦ ገባ ብሎ ነው» እያለ አቅጣጫ ይጠቁማል። ይህ ስም በአንድ ቀን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚነሣ ቆጥሮ የሚዘልቅ የለም። የሚጠሩት ግን ጻድቁ አባታችን አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ናቸው። ሕዝባችን ከፍቅሩ ብዛት ረጅሙን ስማቸውን አሳጥሮ «አቦ»፣ «አቡዬ» አላቸው፤ ሰፈሩም በዚሁ ጸና።

እስኪ ሥዕላቸውን በዓይነ ልቡናችሁ ተመልከቱ። ጻድቁ እጆቻቸውን ለጸሎት ዘርግተው ይቆማሉ፤ ሰውነታቸውን የሸፈነው ልብስ ሳይሆን ጠጕር ነው። በግራና በቀኝ አንበሶችና ነብሮች ተሰልፈዋል፤ ከዓይናቸው አጠገብ ደግሞ አንዲት ወፍ አለች። በቤተ ክርስቲያናችን ከሚሣሉት የቅዱሳን ሥዕሎች መካከል የፍጥረት ነገር ይህን ያህል ጎልቶ የሚታይበት ጥቂት ነው። ፈረስ የሚጋልብ ሰማዕት፣ መስቀል የያዘ ጳጳስ፣ መጽሐፍ የታቀፈ ሊቅ ብዙ ነው፤ በአራዊት ተከቦ የሚጸልይ አባት ግን ሁልጊዜ አይገኝም። ስሙን በየቀኑ የምንጠራው ሰፈር የተሰየመው በዚህ አባት ነውና፣ አባቶቻችን የፍጥረትን ውበት በምን ዓይን ያዩት እንደነበር ለመጠየቅ ሳሪስ አቦ ጥሩ መነሻ ይሆነናል።

በሰንበት ትምህርት ቤት የሥነ ፍጥረትን ትምህርት የተማራችሁ ሁሉ አንድ ነገር ታስታውሳላችሁ። እግዚአብሔር በስድስቱ ቀናት 22 ሥነ ፍጥረታትን ፈጠረ፤ ሰውንና መላእክትን ስሙን ሊቀድሱ፣ ክብሩን ሊወርሱ ፈጠራቸው። የቀሩትስ ለምን ተፈጠሩ? መምህራኑ ሲመልሱ እኩሌቶቹ ለምግበ ሥጋ፣ እኩሌቶቹ ደግሞ ለአንክሮ ለተዘክሮ ነው ይላሉ። አንክሮ መደነቅ ነው፤ ተዘክሮ ማስታወስ። ይህ አባባል ተደጋግሞ ከመነገሩ የተነሣ ብዙዎቻችን ለፈተና ሸምድደነው አልፈናል። ቆም ብሎ ላሰበው ግን ትልቅ ነገር ይዟል። የማይበላ፣ የማይለበስ፣ ጎጆ የማይሠራበት ፍጥረት ከንቱ አልተፈጠረም ማለት ነው፤ ጥቅሙ ማስታወሱ ነው። ሰው ረሺ ነው፤ ቸርነት የተደረገለትን ይረሳል፤ ስለዚህ ፈጣሪ በሄደበት ሁሉ አስታዋሽ አስቀመጠለት። ኮከቡ፣ አበባው፣ ከዋርካው ላይ የምትጮኸው ወፍ አስታዋሾች ናቸው።

ይህን ትምህርት የእኛ አባቶች ብቻቸውን አልያዙትም። ታላቁ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቀጰዶቅያዋ ቂሣርያ ስለ ስድስቱ ቀናት ፍጥረት ዘጠኝ ተከታታይ ስብከቶችን ሰብኳል። ከሰሚዎቹ መካከል የዕለት እንጀራቸውን ለማግኘት ወደ ሥራ የሚጣደፉ የእጅ ሙያተኞች ነበሩ፤ ባስልዮስም ይህን ስለሚያውቅ ንግግሩን እንዳያስረዝምባቸው ይጠነቀቅ ነበር። ጠዋት በፋብሪካ ሰርቪስ፣ ማታ በተጨናነቀ ታክሲ ለሚመላለስ የሳሪስ ምእመን እነዚያ ሰሚዎች ሩቅ ሰዎች አይደሉም። ባስልዮስ ስለ ዕፅዋት ሲናገር የሚመኘው አንድ ነገር እንደሆነ ይገልጻል፦ ሰሚው የትም ይሁን የት፣ አንዲት ትንሽ ቡቃያ ባየ ቁጥር ፈጣሪው በግልጽ ትዝ እንዲለው። የበረሃው አባት ቅዱስ እንጦንስም አንድ ፈላስፋ ያለ መጻሕፍት እንዴት እንደሚኖር ሲጠይቀው፣ መጽሐፉ ፍጥረት እንደሆነና በወደደ ጊዜ ሁሉ ከፊቱ እንደማይታጣ መመለሱ ይተረካል።

ይሁንና መደነቅ በራሱ አይዘልቅም። ውብ ነገር ያየ ሰው ለአፍታ ይገረማል፤ ሲውል ሲያድር ዓይኑ ይለምደዋል። የአባቶቻችን ጥበብ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የፍጥረትን ውበት ለስሜት ብቻ አልተዉትም፤ በሥዕል ሣሉት፣ በቀን መቍጠሪያ ከተቡት፣ በቅጥር አጠሩት። እነዚህን ሦስቱን ተከትለን ብንሄድ የታሪካችንን አንድ ያልተነገረ ገጽ እናገኛለን።

ሥዕሉን እንቀጥል። በገድላቸው እንደሚተረከው አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ የተወለዱት በምድረ ግብፅ ንሒሳ በተባለ ስፍራ ነው፤ አባታቸው ስምዖን፣ እናታቸው አቅሌስያ ይባላሉ። በግብፅ ገዳም 300 ዓመት፣ በኢትዮጵያ ደግሞ 262 ዓመት እንደ ኖሩ ይነገራል። ወደ ሀገራችን የመጡት በቅዱስ ላሊበላ ዘመነ መንግሥት ሲሆን፣ 60 አንበሶችና 60 ነብሮች ተከትለዋቸዋል። መኖሪያቸው በዝቋላና በምድረ ከብድ ሆነ። በዝቋላ ሐይቅ ውስጥ ቍልቍል ተዘቅዝቀው ለኢትዮጵያ ሕዝብ ምሕረትን ሲለምኑ መቶ ዓመት እንደ ቆዩ ገድሉ ይተርካል። ወፏም የራሷ ታሪክ አላት፤ በውኃ ጥም ልትሞት የደረሰችን ወፍ ጻድቁ አይተው፣ ከዓይናቸው የፈሰሰውን እንባ አጠጥተው አድነዋታል።

ይህን ታሪክ ስናነብ ብዙ ጊዜ የምንደነቀው በዓመታቱ ብዛትና በተጋድሎው ጽናት ነው። እኔ ግን ወፏ ላይ ዐይኔ ይቀራል። ለአንድ አገር ሕዝብ ምሕረት የሚለምኑ አባት ለአንዲት ወፍ ጥም ጊዜ ነበራቸው። የአራዊቱም ነገር እንዲሁ ነው። አዳም በገነት ሳለ አራዊት ይገዙለት ነበር፤ ሕግ ባፈረሰ ጊዜ ግን ተለያዩ። መምህራን የጻድቁን አንበሶችና ነብሮች ሲተረጕሙ፣ ሰው ከፈጣሪው ጋር ሲታረቅ ፍጥረት ከሰው ጋር መታረቁን የሚያሳይ ምልክት ነው ይላሉ። በመሆኑም ያ ሥዕል የበረሃ ኑሮ ማስጌጫ አይደለም፤ ሰው የጠፋበትን ገነት ያሳያል።

ዝቋላ ራሱ ምን ዓይነት ተራራ ነው? ከቢሾፍቱ በስተደቡብ ከሜዳው መካከል ለብቻው ተነጥሎ የቆመ፣ እሳተ ገሞራ የሠራው፣ 3,000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ተራራ ነው። ከጫፉ ላይ እንደ ገበቴ ጎድጎድ ያለ ስፍራ አለ፤ በዚያ ውስጥ ምእመናን በጠበልነት የሚያከብሩት ሐይቅ ተኝቷል። ዙሪያውን ጽድና ሌሎች የሀገር በቀል ዛፎች ከበውታል። ገዳሙም ደብረ ከዋክብት ይባላል። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ከእንጦጦ ላይ ሆኖ ወደ ደቡብ ለሚመለከት ሰው ተራራው ከአድማስ ላይ ጎልቶ ይታያል።

ይህ ተራራ ከሀገራችን ውጭ መታወቅ የጀመረው ትናንት አይደለም። የቬኒሱ መነኩሴ ፍራ ማውሮ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1460 ገደማ ባዘጋጀው ታላቅ የዓለም ካርታ ላይ ዝቋላ በስሙ ተመልክቷል። ፍራ ማውሮ ከገዳሙ ወጥቶ ኢትዮጵያን አላየም፤ የሀገሪቱን ወንዞችና ተራሮች የነገሩት፣ በእጃቸውም ሥለው ያሳዩት የሀገሩ ካህናት እንደሆኑ ራሱ ጽፏል። እስኪ አስቡት፤ ከሀገራቸው ብዙ ሺህ ምዕራፍ የራቁ ካህናት የሀገራችሁን ቦታዎች ንገሩን ሲባሉ ከሚያስታውሷቸው ስሞች አንዱ ዝቋላ ነበር።

ከሥዕሉ ወደ ቀን መቍጠሪያው እንለፍ። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን፣ ዜማውን ሲደርስ ከሦስት ወፎች ግዕዝን፣ ዕዝልንና ዓራራይን እንደ ሰማ፣ ከዛፍ ላይ እየወደቀ ከሚወጣ ትልም ትዕግሥትን እንደ ተማረ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እምብዛም የማናስተውለው ግን ይኸው ዜማ የሚዘመርበት ሥርዓት የዓመቱን ዝናምና ፀሐይ እየተከተለ የሚሄድ መሆኑ ነው። ዓመቱ በአራት ይከፈላል፤ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው፣ ከዚያ እስከ መጋቢት 25 ሐጋይ፣ እስከ ሰኔ 25 ጸደይ፣ እስከ መስከረም 25 ደግሞ ክረምት ነው። (ዛሬ ብዙ ሰው አበባ የሚያብብበትን የመስከረምና የጥቅምትን ወራት «ጸደይ» ሲል ይሰማል። በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ያ ወቅት መፀው ነው፤ ጸደይ ገበሬው የክረምቱን እርሻ የሚሰናዳበት ጊዜ ነው። የአውሮፓን ወራት በእኛ ወራት ላይ ስንለጥፍ የመጣ መዛነቅ ይመስለኛል።)

ክረምት ብቻውን በሰባት ንዑሳን ክፍሎች ይከፈላል፤ የክፍሎቹን ስሞች ልብ ብላችሁ ስሟቸው። መጀመሪያው ዘርእና ደመና ይባላል፤ ዘር የሚዘራበት፣ ደመና የሚከብድበት ጊዜ ነው። ከሐምሌ 19 እስከ ነሐሴ 9 መብረቅ፣ ነጎድጓድ፣ ባሕር፣ አፍላግ፣ ጠል ነው፤ አፍላግ ማለት ወንዞች ማለት ነው። ከነሐሴ 10 እስከ 27 ዕጓለ ቋዓት፣ ደሰያት፣ ዐይነ ኵሉ ይባላል፤ የቁራ ጫጩቶች፣ ደሴቶች፣ የሁሉ ዓይን ማለት ነው። ቀጥሎ ጎህ፣ ነግህ፣ ብርሃን ይመጣል፤ ከዚያም ቅዱስ ዮሐንስ፣ ፍሬ፣ መስቀል እያለ ወደ መስከረም 25 ይደርሳል።

ስለ ቁራ ጫጩቶች ሲባል አሥራ ስምንት ቀን በቀን መቍጠሪያዋ ላይ የመደበች ሌላ ቤተ ክርስቲያን እንዳለች አላውቅም። መሠረቱ የዳዊት መዝሙር ነው፤ እግዚአብሔር ለሚጮኹ የቁራ ልጆች ምግብን እንደሚሰጥ ዳዊት ዘምሯልና። መምህራን ሲያብራሩት ጫጩቶቹ ላባ ሳያወጡ ስለሚፈለፈሉ እናታቸው የእኔ አይደሉም ብላ ትታቸው ትሄዳለች፤ እነርሱም አፋቸውን ከፍተው ወደ ፈጣሪያቸው ሲጮኹ፣ ትንንሽ ተሐዋስያን ወደ አፋቸው እየገቡ ይመግቧቸዋል ይላሉ። የሥነ እንስሳት ምሁራን ደግሞ ቁራ ጫጩቶቹን ተግቶ እንደሚመግብ ይነግሩናል። አንዳንድ ወጣቶች በዚህ ሲታወኩ አይቻለሁ፤ የሚያስታውክ ነገር ግን የለውም። ትርጓሜው ስለ ቁራ አራባ ሊያስተምረን አልተነሣም። በነሐሴ አጋማሽ የገበሬው ጎተራ ባዶ ነው፤ አሮጌው እህል አልቋል፣ አዲሱ አልደረሰም። ልክ በዚያ በጨለማውና በችጋሩ ወራት ቤተ ክርስቲያን ምእመኗን «ቁራውን ተመልከት» ትለዋለች። ያውም ርግብን ሳይሆን ቁራን፤ ማንም የማይወደውን፣ በየቆሻሻ መጣያው የምናባርረውን ወፍ።

ዐይነ ኵሉም የዚያው ክፍል ነው። የፍጥረት ሁሉ ዓይን ምግቡን ሽቶ ወደ ፈጣሪ ያንጋጥጣል። ደሰያት ሲባል ደግሞ ክረምቱ ሲጠነክር በውኃ ተከብበው ተነጥለው የሚቀሩት ደሴቶች በዝናሙ ልምላሜን ማግኘታቸው ይታሰባል። መሐል አዲስ አበባ ተቀምጦ ደሴት አይቶ የማያውቅ ልጅ ቢያንስ በዓመት አንዴ ስለ ደሴቶች እንዲያስብ ይደረጋል።

ከዚያ አበባው ይመጣል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ናቸው። አደይ አበባ ሜዳውን ባለበሰበት በዚህ ወራት ካህናቱ በየሳምንቱ ቅዳሜ ማታ ገብተው ማኅሌተ ጽጌን ሲያደርሱ ያድራሉ። የድርሰቱ ባለቤት አባ ጽጌ ድንግል ናቸው፤ ከወዳጃቸው ከደብረ ሐንታው አባ ገብረ ማርያም ጋር በየዓመቱ ወራተ ጽጌን አብረው እያሳለፉ ያመሰግኑ እንደነበር ይተረካል። እመቤታችን በአበባ፣ ልጇም በፍሬ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ልጇ በአበባ ይመሰላል፤ መሰደዷና በበረሃ መጠማቷም በዚያው ይታሰባል። የአበባ ወራት የስደት መታሰቢያ መሆኑ እንግዳ ሊመስላችሁ ይችላል። ሥርዓቱ ያሰበበት ይመስለኛል፤ ደስ የሚለው ነገር በዓይናችን ፊት ሞልቶ ሳለ የተቸገሩትን እንዳንረሳ።

እዚህ ላይ የጻድቁ በዓል ከአበባው ጋር ይገናኛል። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ያረፉት መጋቢት 5 ቀን ነው። መጋቢት 5 ግን ምንጊዜም ከዐቢይ ጾም አይወጣም፤ ስለዚህ በዓሉ በድምቀት እንዲከበር ጥቅምት 5 ተመደበለት። ጥቅምት 5 ደግሞ የዘመነ ጽጌ እኩሌታ ከመድረሱ በፊት ነው። ከአራዊት ጋር የኖሩት አባት የሚነግሡት ምድር በአበባ በተሸፈነችበት ሳምንት ነው ማለት ነው። በዚያ ሰሞን ወደ ዝቋላ የሚወጡ ምእመናን መንገዱን የሚያዩት ለምልሞ ነው፤ በመጋቢት የሚወጡት ግን ደርቆ።

ሦስተኛው ቅጥሩ ነው። ከጎጃም፣ ከጎንደር ወይም ከሰሜን ሸዋ ገጠር የመጣችሁ ሁሉ አንድ ነገር ታውቃላችሁ፤ ከሩቅ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ከታየ በውስጡ ቤተ ክርስቲያን አለ። በዙሪያው ያለው መሬት ታርሶ ወይም ተግጦ ሳለ በቅጥሩ ውስጥ ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው ቆሟል። ጥንታዊውን የደጋ ደን ዛሬ ማየት የፈለገ ሰው በብዙ ስፍራ የሚያገኘው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ብቻ ነው። «እመጓ»ን በመጻፋቸው የምታውቋቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያቸው የደን ሊቅ ናቸው፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2007 በሆላንድ ዋኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በእነዚሁ በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ነው። ከጥናታቸው አንዱ ቁም ነገር ቀላል ሆኖ ሳለ ከባድ ነው፤ ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ቢታዩም፣ ከብት በሚገባበት ቅጥር ውስጥ ከሥራቸው ችግኝ አይተርፍም። ስለዚህ ደኑ ከላይ ሲያዩት ሕያው ነው፤ ከታች ግን ልጅ አልባ ነው። ከዚህ በኋላ በአንዳንድ አጥቢያዎች ምእመናን ከእርሻቸው ላይ ደንጊያ እየለቀሙ ደኑን ዙሪያውን በካብ ማጠር ጀመሩ።

በአዲስ አበባ ዙሪያም የራሳችን ታሪክ አለን። ከከተማዋ በስተምዕራብ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጽድ ዘር እንደ ተተከለ ይነገራል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደግሞ አዲሷ ከተማ ማገዶዋን ጨርሳ፣ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ከተማዋን አተረፋት። ባሕር ዛፍን መውቀስ ዛሬ ፋሽን ሆኗል፤ እኔ ግን ያልነበረበትን ችግር ያላየ ሰው ወቀሳ አድርጌ እቈጥረዋለሁ። ሆኖም በከተማችን ያሉ አድባራት ቅጥር ውስጥ አሁንም ተርፈው የቆሙት ጽዶችና ወይራዎች ከከተማዋ በፊት የነበረው መልክ ምን እንደሚመስል የሚነግሩን ናቸው። ቅጥሩ ሲነጠፍ፣ ለአዳራሽና ለሱቅ ቦታ ሲፈለግ መጀመሪያ የሚቆረጡትም እነርሱ ናቸው። ይህን የሚወስነው ሰበካ ጉባኤ ነው፤ በሰበካ ጉባኤ ውስጥ ደግሞ የሰንበት ትምህርት ቤት ወኪል ይቀመጣል።

ስለ ውኃው ሳልናገር ብቀር ደግሞ የአቃቂን ምእመን ያስቀይመዋል። ከእንጦጦና ከአካባቢው ተራሮች የሚነሡት ትንሹና ትልቁ አቃቂ መላ ከተማዋን አቋርጠው ወደ እኛ ይወርዳሉ፤ ለመብራት ኃይል ማመንጫ ተብሎ በተገደበው በአባ ሳሙኤል ይገናኛሉ፤ ከዚያ አዋሽን ይቀላቀላሉ። አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ፣ በጅቡቲ ድንበር ባለው በአቤ ሐይቅ ይቀራል። የአቃቂና የአባ ሳሙኤል ረግረግ ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች የሚያርፉበት በመሆኑ ለአእዋፍ ጠቃሚ ከሆኑ የዓለም ስፍራዎች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። ይህን የሚያውቅ የሰፈራችን ሰው ስንት ይሆን? ወንዙን የምናውቀው በሽታው ነው። የፋብሪካው ፍሳሽ፣ የመጸዳጃው፣ የቤት ጥራጊው ሁሉ ገብቶበት ድልድዩን ስንሻገር አፍንጫችንን እንይዛለን፤ በዚያው ውኃ ግን ጎመንና ሰላጣ ይለማበታል፤ ወደ ገበያችንም ይመጣል።

በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ ስለ ዝናማት፣ ስለ ወንዞች ውኃ፣ ስለ ምድር ፍሬ እንድንማልድ ሲያዝዝ «ኪርያላይሶን» ብለን እንመልሳለን። ከሐምሌ 19 ጀምሮም የቀን መቍጠሪያችን አፍላግን እያስታወሰ ያዘምረናል። ለተዘክሮ የተሰጠን ወንዝ ዛሬ የሚያስታውሰን የፈጣሪን ቸርነት ሳይሆን የራሳችንን ሥራ ሆኗል። አስታዋሹ ሲበላሽ ማስታወሱም ይበላሻል፤ ልጆቻችን «አፍላግ» የሚለውን ቃል ሲማሩ ዓይናቸው የሚያየው ጥቁር ውኃ ከሆነ ምን ብለን እናስተምራቸዋለን?

ወደ ዝቋላ ልመለስ፤ የዚህ ሁሉ ነገር ዋጋ በግልጽ የታየው እዚያ ነው። በመጋቢት 2004 ዓ.ም. በተራራው ደን ላይ እሳት ተነሣ። ወራቱ የሐጋይ መጨረሻ፣ ሣሩ የደረቀበት ጊዜ ነበር። ወሬው በተሰማ ጊዜ ከአዲስ አበባና ከአካባቢው ከተሞች የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችና ምእመናን በመኪና እየተጫኑ ወደ ገዳሙ ወጡ። የእሳት አደጋ መኪና እንደ ልብ በማይደርስበት ዳገት ላይ እሳቱን የተዋጉት በቅጠል እየመቱ፣ አፈር እየበተኑ፣ እሳቱ እንዳይሻገር መሬቱን እየቆፈሩ ነበር። ዛሬ በየአጥቢያው የሚያገለግሉ፣ ልጆች ያሳደጉ ብዙ ወንድሞችና እኅቶች ከዚያ ቀን የተረፈ ትዝታ አላቸው፤ ጠይቋቸው፤ ይነግሯችኋል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከዚህ የከፋ መርዶ ከተራራው ወረደ፤ የገዳሙ አባቶች ተገደሉ። ደኑን ሲጠብቁ፣ ሐይቁን ሲያከብሩ፣ ሌሊቱን ስለ እኛ ሲቆሙ የነበሩ አባቶች ናቸው። ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን።

ዘንድሮ የጥቅምት 5 በዓል ሲደርስ መንገዱ ሰላም ሆኖ ወደ ዝቋላ ለመውጣት የምትችሉ ካላችሁ፣ ከሐይቁ ዳር ስትደርሱ ጠበሉን ከመቅዳታችሁ በፊት ጥቂት ቁሙ። የያዛችሁትን የውኃ ፕላስቲክ ይዛችሁት ውረዱ። ከዛፎቹ ሥር ጎንበስ ብላችሁ የጽድ ችግኝ መኖሩን ተመልከቱ። መውጣት የማትችሉ በዚያው በሳሪስ አቦ በዓሉን አክብሩ፤ ሥዕሉ ፊት ስትቆሙ ወፏን ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው፤ ለምን ከዓይናቸው አጠገብ እንደ ተሣለችም ንገሯቸው።